አባባ በጋቢያቸው ሥር የጨበጡት እጅ

ለእህቴ ለረቢያ፣ ጅዳ

«መኪናው እስካሁን አልተገዛም እንዴ?» ሳትይ እንዳልቀረሽ አውቃለሁ። ከመልሱ በፊት ግን አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ! ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? እኛ፣ ከእማማ ጉልበትና ከእኔ ሥራ ፍለጋ በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

በላክሽው ገንዘብ አንዱን ልንገዛ ሁለት መኪና አጭተናል። ሁለቱም ከፍ ያሉ ናቸው፤ ሁለቱም ሰባት ሰው ይይዛሉ። አንዱ ጥቁር ናፍጣ፣ አንዱ ቀይ የኤሌክትሪክ። አባባ ወዲያው የፈረስ ስም አወጡላቸው፤ ጥቁሩን ጉራቻ፣ ቀዩን ዳማ። እኔም ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሚቀር ብዬ አሥራ ሁለት መስመር ያለው ማወዳደሪያ ሠራሁ። አባባ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «እኔ ዕድሜ የማውቀው በጥርስ ነው። እዚህ ላይ ጥርሱ የት አለ?» አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት ጉራቻን አየን። ደላላው ወዚር ከአዳማ የመጣ የከተማ ልጅ ነው። አባባ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያ ጊኒር ከብት ገበያ እንደለመዱት የወዚርን እጅ ጋቢያቸው ሥር አስገብተው በጣት ዋጋ ጠሩ። ልጁ የጣት ዋጋ ከየት ይወቅ! ሽማግሌ ሰላም ያሉት መስሎት እሱም ጥብቅ አድርጎ ጨበጣቸው፤ በእነ አባባ ገበያ ደግሞ መልሶ የጨበጠ ሸጠ ማለት ነው። አባባ ቤት ሲገቡ «ጉራቻን ገዛን» ብለው አበሰሩ። ወዚርን ሄጄ ብጠይቀው፣ «ኧረ እኔ ሰላም ነው ያልኳቸው!» ብሎ ሳቀ። ዋጋውን ስነግረው ግን ሳቁን አቁሞ፣ «ይሁን፣ ተስማምቻለሁ» አለኝ።

እሑድ ደግሞ የዳማ ባለቤት፣ የጎባዋ መቅዲ፣ ለሙከራ ሰነቴ አምባ ድረስ ወሰደችን። እማማ ጎባ እስክንደርስ «ሞተሩ የማይነሳው ምን ሆኖ ነው?» ይሉ ነበር። ዳገቱን ስንወጣ የባትሪው ቁጥር ሲወርድ አባባ «ከሳ! ኧረ ከሳ!» እያሉ ዱዓ ጀመሩ። ቁልቁል ስንመለስ ግን ቁጥሩ መልሶ ወጣ። «ሰባ ዓመት ከብት ሳይ ኖርኩ፣ ቁልቁለት ሲወርድ የሚወፍር አላየሁም! ማሻአላህ በሉ፣ ዓይን እንዳይበላው» አሉን። «መብራት ሲጠፋስ?» ብላቸው፣ «እኛስ መብራት ሲጠፋ እንሞታለን?» አሉኝ።

የእኔ ልብማ ድሮም ዳማ ላይ ነው። ዲንሾ ፓርኩ አጠገብ ያለ የእንግዳ ማረፊያ፣ ድምፁ አውሬ የማያስደነግጥ መኪና ካለኝ ከጥቅምት ጀምሮ እንግዶቹን ከሮቤ አየር ማረፊያ እንዳመላልስለት ነግሮኛል። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ፤ ና ብሎ የጠራኝ ሥራ ይህ ብቻ ነው።

አባባ ግን እንቅልፍ አጡ። «ልቤ ዳማ ላይ፣ እጄ ጉራቻ ላይ» እያሉ ግቢውን ይዞራሉ። የጨበጡትን ማጠፍ ለእሳቸው ሞት ነው። በመጨረሻ የጥንት የከብት ደላላ የሆኑት ጎረቤታችን ጋሽ ጉሉማ ፈረዱ፤ የገንዘቡ ባለቤት ካልፈቀደ የጨበጠ እጅ አይታሰርም። ወዚርም እያጉረመረመ ተቀበለ፤ ግን ቃሉን ከአንቺ አፍ እስከ ሐሙስ መስማት ይፈልጋል።

እማማ ስለ ጉልበታቸው መድኃኒት አላህ ይስጥልኝ ይሉሻል። ኢፍቱ ስምንተኛ ክፍልን አልፋለች፤ ትስምሻለች። ትንሹ ጉቱም ሰላም ብሎሻል፤ ገና ባልተገዛው መኪና ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር ከአሁኑ ይዟል።

ፖስታ እስከ ሐሙስ ስለማይደርስ ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልሽ። እንዳየሽው በድምፅ መልእክት፣ «ያለ እኔ ፈቃድ ማን ይጨብጡ አለዎት?» ብለሽ አባባን ተቆጪልኝ። በሕይወትሽ ተቆጥተሻቸው እንደማታውቂ አውቃለሁ፤ ግን አትፍሪ፣ እሳቸው ራሳቸው አጠገቤ ቆመው «ጠንከር አድርጋ ትቆጣኝ፣ ወዚር እንዲያምን» እያሉኝ ነው።

ወንድምሽ ዘይነዲን
ሮቤ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.