ከአንበሳው ሥር

ውድ ሴይኪ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ጣሪያዬ ስለሚያፈስ አይደለም። አያፈስም። ሰሞኑን የመጣው አውሎ ነፋስ የወደቡን የመብራት ምሰሶ ነቅሎ ሲጥል፣ የእኔ ቤት አንዲት ጠብታ አላስገባም። ስለዚህ "ፉሚ ደግሞ ልትጨቀጭቀኝ ነው" ብለህ ሳትከፍት እንዳትወረውረው። መጨቅጨቁስ አይቀርልህም፤ ግን በሌላ ነገር ነው።

ናጎ ከተማ ልጅህ ቤት እንደገባህ ሰምቻለሁ። በእቁባችን ላይ ቦታህ ባዶ ከሆነ ከርሟል። ሰዎቹ "ሴይኪን እንሰርዘው እንዴ?" ሲሉ "ማንም አይሰርዘውም" ያልኳቸው እኔ ነኝ። የተበደለችው እሷ ሆና እሷው ካለች እኛ ምን አገባን ብለው ተዉት።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። አብዛኛውን ታውቀዋለህ፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰማኸውም።

ልጄ ዮሺሂሮ ጣሪያው ማርጀቱን ካየ ጀምሮ አላስቀምጠኝ ብሎ ነበር። "እማዬ፣ በዚህ ደሴት ላይ ሸክላ ጣሪያ ያለው ቤት እኮ የቀረው የእኛ ብቻ ነው። እናፍርሰውና በኮንክሪት እንሥራው። አያቴም ናሃ ከተማ እኔ ጋ ትኑር።"

"ሴይኪ ያድሰዋል" አልኩት።

"ጋሽ ሴይኪ? አሁን እሳቸው መሰላል መውጣት ይችላሉ?"

"ካንተ ይሻላል።"

በመጨረሻ ተስማማን። ጣሪያውን አንተ ትሠራለህ፤ በመጀመሪያው አውሎ ነፋስ ካፈሰሰ ግን ቤቱ ይፈርሳል፣ አማቴም ወደ ናሃ ይሄዳሉ። እማማ ካማዶን ታውቃቸዋለህ። ሙሽራ ሆነው የገቡበት ክፍል ውስጥ ነው ዛሬም የሚተኙት። ፎቅ ላይ ወስዶ ማኖር እሳቸውን መግደል ነው። ቢሆንም ስምምነቱን ስቀበል ልቤ ትንሽም አልፈራም፤ አብረን ፊደል ቆጥረናል፣ እጅህን አውቀዋለሁ ብዬ።

ሥራው ደስ የሚል ነበር፤ ይህን አልክድህም። አንተ ላይ ሆነህ ታፏጫለህ፣ እኔ ከሰዓት በኋላ ሻይና ጥቁር ስኳር ይዤ መሰላሉ ሥር እቆማለሁ። "ፉሚ፣ ስኳሩን አታሳንሺው፤ ጣሪያ ላይ ያለ ሰው ቶሎ ይርበዋል!" ትለኛለህ። "ሆድህ ነው ጣሪያ ላይ የወጣው" እልሃለሁ። ከዚያ የመጨረሻው ቀን መጣ።

"ፉሚ፣ ነይ ውጪ! ዓይንሽን ጨፍኚ!"

ዓይኔን ስገልጥ ከእማማ ካማዶ ክፍል በላይ፣ ጣሪያው ላይ አንበሳ ተቀምጧል። ከሸክላ ስባሪና ከተረፈ ኖራ የተሠራ፣ አፉን የከፈተ፣ ምላሱን ያወጣ ጉድ። ጣሪያ የሠራ ሁሉ በትርፍራፊው አንበሳ ሠርቶ ለባለቤቱ እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ ግን የሰው ሁሉ አንበሳ ድመት የሚያህል ነው። የእኔ ጥጃ ያክላል።

"ይሄን የሚያህል አንበሳ ለማንም ሰጥተህ አታውቅም" አልኩህ።

"ላንቺ ስለሆነ ነው" አልከኝ።

ሴይኪ፣ የዚያን ቀን ኩሽና ገብቼ አልቅሻለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ "ላንቺ ነው" ተብሎ የተሠራልኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር። ይህን ነግሬህ አላውቅም፤ አሁን እወቀው።

ወዲያው በመጀመሪያው ዝናብ እማማ ካማዶ ግንባር ላይ ጠብ ማለት ጀመረ። መጣህ። አየህ። "ዝናቡ ከታች ወደ ላይ ነው የዘነበው" አልክ። በእኛ ደሴት ነፋስ ሲገፋው እንዲያ ይዘንባልና ተቀበልኩህ። ደግሞ አፈሰሰ፤ "ሸክላው ገና ከቤቱ ጋር አልተላመደም" አልክ። "ሙሽራ ነው እንዴ?" ብዬ ሳቅሁብህ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ የአንበሳው እግር ዙሪያ ኖራ ለቅልቀህ ልትወርድ ስትል ነው "አንሳውና ከሥሩ እንየው" ያልኩህ።

ፊትህ አመድ መሰለ። "የጣሪያ አንበሳ ከተቀመጠ ወዲያ አይነሳም። መዓት ያመጣል።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ያኔ ግን አልጠረጠርኩህም። የሠራኸውን ስለምትወድ ነው አልኩ።

ቀጥሎ እቁቡ እኔ ቤት ደረሰ። ሁሉም ተሰብስቦ፣ አዋሞሪ አረቄው ተቀድቶ፣ አንተም ጨዋታ ይዘህ ሳለ ዝናቡ ወረደ። ከውስጥ ባልዲው ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። አንዱ "ሴይኪ፣ ይሄ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?" ሲልህ፣ መልስ ሳትሰጥ እማማ ካማዶ ከመኝታ ክፍላቸው ጮኹ፦

"ምንም አይደለም ልጆቼ! የሴይኪ አንበሳ ነው፣ ሽንቱ መጥቶበት ነው!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት፤ ይቅርታ አልልህም፣ ያስቅ ነበር። አንተ ግን ብርጭቆህን አስቀምጠህ ተነሳህ። ጫማህን ትተህ የጎረቤቴን የማትሱን ነጠላ ጫማ አጥልቀህ ወጣህ። በማግስቱ "ሴይኪ በጠዋቱ መርከብ ሄደ" ተባለ። ምስኪን ማትሱ በአንተ ትልልቅ ጫማ እየተንሻፈፈች ነው ወሬውን ያመጣችልኝ።

ከዚያ ዮሺሂሮ ደወለ። "እማዬ፣ አውሎ ነፋስ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ያልነውን አልረሳሽም አይደል? እንዳለፈ እመጣለሁ።"

"ና፣ ምሳ ይጠብቅሃል" ብዬ ዘጋሁበት።

ስልኩን አስቀምጬ ዞር አልኩ። እማማ ካማዶ በተከፈተው በር እያዩኝ ነበር። ያኔ ነው ማትሱን ጠርቼ መሰላል ያቆምኩት። እሷ ሥር ሆና ገመድ ያዘች፣ እኔ ወጣሁ። መዓት ያመጣል ያልከውን አልረሳሁም፤ ግን መዓቱስ ከዚህ ወዲያ ምን ሊሆን ነው? አንበሳህን በድጅኖ ፈልቅቄ፣ በገመድ አስሬ፣ በጣሪያው ላይ እያንሸራተትኩ አወረድኩት። ክብደቱ አሳማ ያስንቃል።

ከሥሩ ሸክላዎቹ ተሰባብረዋል። መጀመሪያ ሳያቸው አዘንኩልህ። ምስኪን፣ ስጦታውን አከብድ ብሎ የገዛ ሥራውን ሰበረ አልኩ። ልደውልልህ ሁሉ አስቤ ነበር። ከዚያ ጠጋ ብዬ ሳይ ስንጥቁ ውስጥ ኖራ ገብቷል። የጣትህ መስመር ደርቆ ይታያል። አንበሳው ከተቀመጠበት በኋላ የተሰበረን ሸክላ ደግሞ ማንም በጣቱ ሊለቀልቀው አይችልም። ሸክላው አስቀድሞ ተሰብሮ ነበር። ረግጠህ ሰብረህ፣ ለቅልቀህ፣ እንዳይታይ አንበሳውን ጫንክበት። እንዲያ የገዘፈውም ስብራቱን እንዲሸፍንልህ ነው።

"ላንቺ ስለሆነ ነው" ያልከኝ ትዝ አለኝ። ጣሪያው ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። ማትሱ ከታች "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ "ኖራ ዓይኔ ገባ" አልኳት። ስለ ሸክላው አይደለም ያለቀስኩት፤ ሸክላ ይሰበራል።

ይበልጥ ያናደደኝን ልንገርህ። የዚያ ዓይነት ሸክላ ዛሬ የሚሠራ እንደሌለ አውቃለሁ። ምትክ የለም ብለህ ነው የተጨነቅኸው። ባሌ ግን የድሮውን ሸክላ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ከምሮ፣ በሳር ሸፍኖት ነው የሞተው! "ፉሚ፣ ሰበርኩ" ብትለኝ "ሂድና ከዚያ አምጣ፣ ዓይነ ስውር" ነበር የምልህ። ሻይህንም አልከለክልህም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ከዚያ ክምር ሸክላ አምጥቼ፣ ኖራውን ከጭድ ጋር አቡክቼ፣ የተሰበረውን የተካሁት ራሴ ነኝ። ያን ሁሉ ቀን ትሪ ይዤ ስቆም ዓይኔ ሥራ አልፈታም ነበር። ያምራል አልልህም፤ ብታየው ትስቃለህ። አውሎ ነፋሱ ሲመጣ እማማ ካማዶ አጠገብ ተቀምጬ ጣሪያውን እያየሁ ዋልኩ። ባልዲውም ደረቅ ሆኖ ዋለ። ዮሺሂሮ በመጀመሪያው መርከብ መጣ፣ ቀጥ ብሎ ገብቶ የአያቱን ፍራሽ በመዳፉ ዳሰሰ፣ ኮርኒሱን አየ፣ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ቁጭ ብሎ መራራውን የጎያ አትክልት ከቶፉ አይብ ጋር ሁለት ሳህን በላ። ስለ ኮንክሪት ከዚያ ወዲህ አላነሳም።

ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም። አንበሳው አሁን የግቢዬ በር ላይ ነው፤ ለምን ወረደ ለሚለኝ "ከብዶ ነው" እላለሁ። ስምህ በደሴቱ ላይ እንደነበረ ነው። ሰው በዚህ እንዲስቅብህ አልፈልግም።

ለእማማ ካማዶ ብቻ ነገርኳቸው። እሳቸውን መዋሸት አልችልበትም። ምንም አልደነቃቸውም።

"አውቃለሁ" አሉኝ።

"እንዴት ያውቃሉ?"

"ከሥሩ ተኝቼ አይደል እንዴ? ቋ! ቋ! ሲል ሰማሁ። ልጁ ጸጥ አለ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ማፏጨት ጀመረ። ያኔ እንደማይናገር ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ እማማ?"

"የሰበረው እሱ፣ የምናዘዘው እኔ? ይናገራል ብዬ ብዙ ጠበቅሁት። እንቢ ሲል በቀልድ በር ከፈትኩለት፣ እየሳቅን እንዲገባ። እሱ በዚያው በር ወጥቶ ሄደ።"

ሴይኪ፣ ለጥገና አልጠራሁህም፤ ጣሪያው ተጠግኗል። የሚቀጥለው እቁብ ተመልሶ የእኔ ቤት ነው። ከሰዎቹ ቀድመህ ና። ጫማህን አውልቀህ ቀጥታ እማማ ካማዶ ክፍል ግባና በገዛ አፍህ ንገራቸው። እኔ ኩሽና ሆኜ እሰማለሁ። ከዚያ ወዲያ ቂም የለኝም፤ እዚያው እንደ ጥንታችን እንሰዳደባለን።

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል "ምን ልበልልዎት?" ብዬ እማማ ካማዶን ጠየቅኋቸው። ቃላቸው ይኸው፦ "ቶሎ ይምጣ በይው። ሲሰብር ሰምቼዋለሁ፤ ሲናገርም ልስማው። ጆሮዬ ግን እየደከመ ነው።"

ፉሚ