አባዬ፣ ያንተን እርቅ አፈረስኩት

አባዬ፣ ሙት ዓመትህ ደረሰ። እማዬ ለተዝካርህ ጉድ ጉድ እያለች ነው። እኔ ግን ተናድጄብሃለሁ። ሰው ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል፤ እኔን ዛሬ ያድርገኝ።

ዓለም ገና እንደተውካት ናት። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳ አሁንም መንገድ ይዘጋል፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ወታደር ይቆማል። በዚህ መሃል ሰበታ ላይ ለመምህራን ስልጠና ተሰጠን፤ ቤቱ ውስጥ የሚበደል ልጅ በምን እንደሚታወቅና ለማን እንደሚነገር። ታክሲ ስላልነበረ በእግራችን ሄድን። አሰልጣኟ ከክፍላችሁ ጨዋዋ ልጅ ማን ናት ስትለን ሁላችንም ፈጥነን ስም ጠራን። ዝምታዋ ከምን እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ ወይ አለችን። እኔ የጠራሁት ተማሪዬን ጫልቱን ነበር።

አንተ ልትታመም ሰሞን የእንጀራ አባቷ ክንዷን በጋለ ብረት ሲተኩሳት፣ ለፖሊስ ልንገር ብልህ ከለከልከኝ። ፖሊስ ትምህርት ቤቱ ግቢ ከገባ ተማሪውን ለቅሞ ይሄዳል አልክ። እውነትህን ነበር። ግን ሽማግሌ ሰብስበህ ሰውየውን አስማልከው፣ አባትሽ ነው ብለህም ጫልቱን ጉልበቱን አሳምካት። የተቃጠለችው እሷ፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እሷ። በመጨረሻም እርቁን ያፈረሰ ይረገም ብለህ መርቀህ ሸኘሃቸው። እንዴት አስቻለህ?

ከስልጠናው ስመለስ ለብቻዋ አነጋገርኳት። እጅጌዋን ስትሰበስብ ከአሮጌው ጠባሳ በላይ ሌላ ቁስል አለ። ዝም ያለችው እርግማንህን ፈርታ ነው። ለሰው ከተናገረች እርቁን የምታፈርሰው እሷ መስሏታል። አንተ የረገምከው እሱን ይሆናል፤ የፈራችው ግን ልጅቷ ናት።

ፖሊስ ግቢያችን እንዳይገባ እኔው ይዣት ሰበታ ጣቢያ ሄድኩ። ሰውየው ታስሯል፤ እሷ ፉሪ አክስቷ ዘንድ ናት። አብረውህ የሸመገሉት ኦቦ ለታ ቤት ድረስ መጥተው የአባትሽን ቃል አፈረስሽ፣ እርግማኑ ይደርስብሻል አሉኝ። ይድረስብኝ አልኳቸው። ቡናም ሳይጠጡ ወጡ።

ትምህርት ቤት ስትሸኘኝ ደብተሬን ትይዝልኝ እንደነበር አልረሳም። አንድ ቀን እንኳ እጅህን አላነሳህብኝም፤ እሱንም አልረሳም። ጫልቱን ያሳምካትን ጉልበትም አልረሳም። እስካለሁ ሁሉንም አስታውስልሃለሁ።

ለተዝካርህ ጠርቻታለሁ፤ መምጣት ፈርታለች። እባክህ አባዬ፣ እርግማኑን ከእሷ ላይ አንሳላት። እኔ ላይ ይቆይ።

ልጅህ