ነጭ አንሶላ ፊት የተቀመጠው ሰው

መጋቢት 2

መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ መጣ። ግድቡ እዚሁ ክልላችን፣ ጨለማውም እዚሁ… ቆሎ ስገዛ ያገኘሁት ገበየሁ "አብሽሪ ቲቸር፣ መጀመሪያ የሚጠማው ወንዝ ዳር ያለ ሰው ነው" ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ምን አለበት፣ የሚሸጠው የተበላሸ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነው። መብራት ኖረ አልኖረ አይሠራ።

ትዕግሥት ፊቷን ከስክሳ ገባች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ነው ተብሏል። ትምህርት ቤት ያለው ለተራ ያጋፋል። "እማ፣ እኔ እኮ ማውሱን እንኳ በቅጡ አልያዝኩም! ጥያቄውን እያወቅኩት በጣቴ ልወድቅ ነው።"

ላፕቶፕ የማይታሰብ ነው። ባለፈው ሱቅ ገብቼ ዋጋ ስሰማ "ለማየት ነው" ብዬ ወጥቻለሁ። ሞቱማን ላማክረው። ገበያው ጀርባ ኮምፒውተር የሚጠግነው የባምባሲ ልጅ።

መጋቢት 3

ሞቱማ እንዲህ አለ… "አቦ ቲቸር፣ ገጣጥመን እንሥራው። ያገለገለ ዕቃ አንድ በአንድ ልቀሚ፣ ሌላውን ለኔ ተይው።" እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ተሠርቶ የሚመጣ እንጂ እንደ ጎጆ የሚሠራ አይመስለኝም ነበር።

መጋቢት 5

ስለቅም ዋልኩ። ሣጥኑ፣ ኬዙ የሚሉት፣ ቢሮ ዕቃ ሲቀይር የወጣ ነው፤ አንድ ጎኑ ጎድጉዷል። ሞኒተሩ ጥጉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። ትዕግሥት "ማርያም የሳመችው" ብላ ስም አወጣችለት። ሞቱማ ሁሉንም አሮጌ ግዢ ብሎ መብራቱን የሚቀበለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን ችክ አለ። "እሱን አዲስ! የአሶሳ መብራት ሲመለስ እንደ ኮርማ ነው የሚገባው።"

ሃርድ ዲስኩን ከገበየሁ አገኘሁት። "ከመተከል የመጣ ዕቃ ነው፣ ብዙ አልተጎዳም" አለኝ። ከመተከል ማን አመጣው? አልጠየቅኩም። ዋጋው ላይ ብቻ ሙጭጭ አልኩ። አስቀንሼ ስወጣ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጎረቤቴ የዝና በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ኬዙን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችልኝ። ጓሮ ያለችውን ክፍል ከተከራየች ገና ወራት ናቸው። ባሏን ገነተ ማርያም ቀብራ ነው የመጣችው፤ ወባ ነው የገደለው። ጨው ሲያልቅባት ትጠይቀኛለች፣ ሽንኩርት ሲያልቅብኝ እጠይቃታለሁ። "ይቅናት ልጅሽን፣ እትዬ አገኘሁሽ" አለችኝ።

መጋቢት 6

ተከፈተ!

ሞቱማ ቤት ሄጄ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሁሉንም ገጣጥሞ ቁልፉን ሲጫነው ማራገቢያው አጉረመረመና ስክሪኑ በራ። አንድ ሰው መጣ። ነጭ አንሶላ ፊት የተቀመጠ፣ ወደ እኛ የሚያይ ሰው። ስክሪኑን ሞልቶ። ደነገጥኩ። ሰው ቤት ሳላንኳኳ የገባሁ መሰለኝ። ቶሎ ፊቴን አዞርኩ።

"ባለቤቱ ይሆናል። ብዙ ፎቶ አለበት" አለ ሞቱማ። "ያለበትን ላስቀምጥልሽ ወይስ ላጽዳው?"

"የሰው ገመና ምን ያደርግልኛል? ነውር ነው። አጽዳው።"

አጸዳው። በሰው ዕቃ ባለመፈትፈቴ እናቴ ብትሰማ ትመርቀኝ ነበር።

መጋቢት 8

ከዛሬ ጀምሮ ማስታወሻዬን የምጽፈው እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። የአማርኛ ፊደሉን መልቀም አድካሚ ነው። የተማሪዎቼን ፈተና ግን ከትዕግሥት ጋር ጻፍነው። እሷ እንደ ዶሮ በአንድ ጣት ትለቅማለች፣ እኔ ከጎኗ ሆኜ አነባለሁ። ሳቃችንን ሰምታ የዝና ብቅ አለች። "ምን ተገኘ?" "ሀብታም ሆንን" አልኳት።

መጋቢት 14

ምን አደረግኩ…

የዝና ከሰዓት በኋላ መጣች። አልቀመጥም ብላ በር ላይ ቆመች። የባሏ ሙት ዓመት ግንቦት ላይ ነው፤ የምታስቀምጠው ፎቶ የላትም። ባሏ አምላኩ ፎቶ ቤት ነበረው። ያገሩን ሙሽራ ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ ራሱን ያነሳ ሰው የለም።

"አንዲት ብቻ አለች" አለችኝ። "አዲስ መብራት የገዛ ቀን አንሶላ ሰቅሎ፣ ብርሃኑን ለመሞከር ራሱን ያነሳት። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የምትመጣው እሷ ነበረች። ኮምፒውተሩን እኔ ሐዘን ላይ ሳለሁ ወንድሙ ሸጠው። ለማን እንደሸጠው የነገረኝ ገና ትናንት ነው፤ ገበየሁ ለሚባል። ገበየሁ ደግሞ ዲስኩን ቲቸሯ ወስዳለች አለኝ። እትዬ… ፎቶ ነበረበት?"

እጄ ሳህን ላይ ነበር። የማጥበውን ሳህን እያየሁ "ባዶውን ነው የመጣው" አልኩ።

ጾም ይዤ። ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት።

"እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ" ብላ ሄደች። ለምኑ ነው እግዜር የሚሰጠኝ?

መጋቢት 15

ባሏ ፎቶ ቤት እንደነበረው፣ ገነተ ማርያምም መተከል እንደሆነ ድሮም አውቅ ነበር። ከመተከል የመጣ ዕቃ ነው ተብዬም ነበር። እንዴት አልገናኘልኝም? የሰው ሐዘን እሰማለሁ፣ "ነፍስ ይማር" እላለሁ፣ ወጥ ላማስል እሄዳለሁ። እንዲያ ነው የሰማኋት።

መጋቢት 19

አንድ ጊዜ ከጠፋ ጠፋ፣ እውነቱን ብናገር ከማስለቀስ በቀር ምን ይጠቅማታል ብዬ ራሴን ሳጽናና ሰነበትኩ። ዛሬ ሞቱማ ቤት አንድ ሰው ፍላሹ ላይ የነበረውን አጥፍቶ መልስልኝ እያለ ሲለምነው ደረስኩ። ሞቱማ እየሳቀ "አይዞህ" ይለዋል። ሰውዬው ሲወጣ ጠየቅኩት። የጠፋ ነገር ይመለሳል እንዴ?

"ቲቸር፣ ማጽዳት ማለት እኮ የቤት ቁጥሩን መንቀል ነው። ቤቱ አለ። የሚፈርሰው አዲስ ነገር ስትጽፊበት ነው፤ በላዩ ላይ ይሠራበታል። ሳይነካ ከተቀመጠ ብዙው ይገኛል። ምነው?"

"ለማወቅ ነው" አልኩ። ሱቅ ገብቼ "ለማየት ነው" እንደምለው።

ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ስጽፍ ነበር። ፈተናውን፣ የትዕግሥትን ልምምድ፣ ይህን ማስታወሻ። "ባዶውን ነው የመጣው" ብዬ መዋሸቴን ራሱን የጻፍኩት የት ላይ ነው? አንሶላው ፊት የተቀመጠው ሰው ላይ።

መጋቢት 20

የጻፍኩትን ሁሉ ወደ ድሮው ደብተሬ ገለበጥኩና ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። በነጠላ ሸፈንኩት። ለትዕግሥት "ይግላል፣ ሞቱማ ያሳርፈው ብሏል" አልኳት። ሁለተኛ ውሸት። ውሸት ጎረቤት ይወዳል መሰለኝ።

አሁን የዝና ጋ ሄጄ ልንገራት? ብነግራት ዲስኩ ይወሰዳል። ሌላ መግዣ የለኝም። ፈተናው እየደረሰ ነው። ልጄ… ልጄን ምክንያት ማድረግ ደግሞ እንዴት ይቀናኛል!

መጋቢት 23

የዝና ጨው ልትበደር መጣች። ፊት ለፊቷ ያለውን በነጠላ የተሸፈነ ነገር አየችና "ምነው ታመመ?" አለች። "ሙቀቱ ነው" አልኩ። ጨዉን ትርፍ አድርጌ ሰጠኋት። ከትዕግሥት ፈተና በኋላ እነግራታለሁ። በቃ ወሰንኩ።

ሙት ዓመቱ ግን ከፈተናው በፊት ነው። አውቃለሁ።

መጋቢት 27

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ በሴት ልጆች ሳቅ ተሞልቷል። ነጠላው ወንበር ላይ ተጥሏል። ትዕግሥት ጓደኞቿን ጠርታ፣ አንዷ ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን የትምህርት ቪዲዮ ሁሉ ስትገለብጥ ውላለች። ፊዚክሱን፣ ሒሳቡን፣ ኬሚስትሪውን። "እማ፣ ምንም አልጋለም! ዲስኩ ሊሞላ እኮ ትንሽ ነው የቀረው!"

ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ጮህኩባት። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ልጆቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ትዕግሥት እያለቀሰች "ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። ምንም። ምንም አላጠፋሽም ልጄ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ዝም ብዬ ቁጭ ያልኩት።

መጋቢት 28

ነገርኳት።

የዝና ልብስ እያሰጣች ነበር። ፎቶው እንደነበረ፣ እንዳየሁት፣ አጽዳው እንዳልኩ፣ ባዶ ነው ብዬ እንደዋሸኋት፣ ከዚያም ይመለስ ይሆናል ሲባል ዝም እንዳልኩ… ሁሉንም። ሳታቋርጠኝ ሰማች። በእጇ የያዘችውን እርጥብ ልብስ ደጋግማ ጨመቀችው። ውኃው ካለቀም በኋላ ትጨምቀዋለች።

"ሳታውቂ ማጥፋትሽስ ይሁን" አለች። "ጨው ስትሰጪኝ ግን ታውቂ ነበር።"

ልብሱን ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ዲስኩን አስፈትቼ ሞቱማ እጅ ላይ አኖርኩት። "እንዲያው በዚያ ቀን ብትነግሪኝ…" ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

ለትዕግሥትም ነገርኳት። "ቪዲዮዎቹን እኔ ነኝ የጫንኳቸው" አለች። ያቺንም ሸክም ለልጄ አወረስኳት።

ሚያዝያ 8

ሞቱማ ጠራን። የዝናና እኔ ፊትና ኋላ ሆነን ሄድን። ብዙ ወጥቷል። ሙሽሮች፣ ክርስትና፣ የተመረቀ ወጣት፣ ጉርድ ፎቶ የሚነሱ ገበሬዎች። ከነጓዙ አንድ አገር ሰው። አንዳንዱ እስከ አንገቱ ወጥቶ ከዚያ በታች ግራጫ ነው። የዝና እያንዳንዱን ስም ትጠራለች። "እሷ አሁን ሁለት ወልዳለች… እሱ ቻግኒ ነው ያለው…"

የአምላኩ ትልቁ ፎቶ የለም። ቦታው በሌላ ተይዟል። የተገኘችው ኮምፒውተሩ ለራሱ ምልክት ብሎ ያስቀመጣት ትንሿ ናት፤ ከቴምብር ብዙ አትበልጥም። ሞቱማ ሊያሰፋት ሞከረ። ፊቱ ካሬ ካሬ ሆኖ ተበተነ። "ተወው" አለች የዝና። "እንዳለች ትታተም።"

ከዚያ ለራሷ ይሁን ለእኛ እንጃ… "የሰውን ሁሉ አቆይቶ ራሱን ረሳ" አለች።

ሚያዝያ 21

ጨው አትጠይቀኝም። ስንገናኝ "እንዴት አደርሽ" ትላለች፣ ፊቷም አልከፋም። ሽንኩርት ሲያልቅባት ግን ሰፈሩን አቋርጣ ሱቅ ትሄዳለች። ትናንት ዝናብ እየዘነበ ሄደች።

ግንቦት 6

የአምላኩ ሙት ዓመት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓሮው ድንኳን ተጣለ። ከመተከል የመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ሻማ፣ ከሻማው አጠገብ ያቺ ትንሽ ፎቶ በትልቅ ክፈፍ መሃል። ከሩቅ አትታይም። የመጣው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጎንበስ እያለ ያያታል። ሽማግሌዎቹ መነጽራቸውን እያወጡ። እኔ እንጀራ እያቀረብኩ ጎንበስ ያለውን ሁሉ አየሁ። እያንዳንዱ ወገብ በኔ ምክንያት ነው የታጠፈው።

ሰው ሲሳሳ የዝና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ትልቁን በመጨረሻ ያየሽው አንቺ ነሽ" አለች። "ትንሿ ላይ አልለይ አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር?"

አዎ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፈገግ ብሎ ነበር ብላት ምን ይጎዳል? ማንስ ያውቅብኛል?

"አላስተዋልኩም" አልኳት። "ነውር መስሎኝ ቶሎ ዞርኩ።"

አንገቷን ነቀነቀች። "ሰው እያየሽ እንዲያ ቶሎ አትዙሪ፣ እትዬ" አለች። ተነሥታ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። እኔም ሰበሰብኩ።

ግንቦት 19

ሞቱማ እስካሁን ትዕግሥትን ሱቁ ውስጥ ሲያለማምዳት ነበር፤ አሁን ጣቶቿ ተፈትተዋል። ዛሬ ደግሞ ገበየሁ ሌላ ዲስክ ሰጠኝ። ሊያስከፍለኝ አልፈለገም፤ ወሬው ደርሶታል መሰለኝ። "ከማን ገዛኸው?" አልኩት። "ኧረ ቲቸር፣ አሁን ደግሞ የዲስክ ዘር ማንዘር ልትቆጥሪ ነው?" ብሎ አሾፈ። በር ላይ ቆምኩ። አስታወሰ። "ብኸይታ የሚባል፣ የመንጌ ሰው።"

ቤት ወስደን ስንከፍተው ፎቶ አለበት። ወንዝ ውስጥ ቆመው ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች፣ አንድ ሠርግ፣ የታመሙ የሚመስሉ ሽማግሌ አልጋ ላይ። ትዕግሥት "እማ፣ በቃ እንጠቀምበት እንጂ" አለች። "ትንሽ ይቆይ" አልኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። ሳላፍር አየሁት ብል ውሸት ነው፤ እያፈርኩ አየሁት። ሽማግሌው ጥቁር ኮፍያ አድርገዋል፣ ግራ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነው፣ ፈገግ አላሉም።

ፍላሽ ላይ ገልብጬ ነገ መንጌ ልሄድ ነው። ባለቤቱ አልፈልገውም ሊለኝ ይችላል። ይበለኝ።

ይህን በብዕር እየጻፍኩ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። የዝና ናት። ትዕግሥት ነግራታለች። ስክሪኑ ላይ ያሉትን ሽማግሌ ቆማ አየቻቸው። ብዙ አየቻቸው።

"የመንጌ መኪና በጠዋት ነው የሚወጣው" አለች። "እንቅልፌ ከባድ ነው፤ ስትነሺ ቀስቅሺኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር አድርጊልኝ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ልተኛ። አርፍጄ እንዳልቀር።