የአደራ ዶሮዎች

መጋቢት 14፣ እሁድ። ጠዋት 2፡30

ቤቱን ጠረግኩ። የዶሮዎቹን ማለቴ ነው፣ የኛማ ለነገ ይደርሳል። አርባ ሦስቱም ደህና ናቸው። ሊቀመንበር ብዬ የሰየምኳት ቀይ ዶሮ ዛሬም ሌሎቹን እየነቆረች ብቻዋን በላች። ስም መልአክ ያወጣል ይባላል፣ ይቺን ግን እኔ ነኝ ያወጣሁላት።

ጾም ነው፣ እንቁላል ፈላጊ የለም። እማዬ ዓይኗ ፋሲካ ላይ ነው። አርባ ሦስቱም ለበዓል አዲሱ ገበያ ይወርዳሉ። የቤት ኪራዩም የእህቴ ት/ቤትም እነሱ ጀርባ ላይ ተጭኗል። ምስኪኖች፣ አያውቁም።

ደብተሬ፣ ወሬ ልንገርህ። ታች ሰፈር ወንዙ ዳር ዶሮ እያለቀ ነው አሉ። እማዬ ፈንግል ነው፣ የዶሮ በሽታ መች ጠፍቶ ያውቃል ብላ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጣ ውሃቸው ውስጥ ጨመረች። ግቢው በሙሉ ወጥ ወጥ ይሸታል። ዶሮዎቹ ተቀምመው አለቁ፣ ማብሰል ብቻ ነው የቀረው።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ወረዳ ስብሰባ። 3 ሰዓት ጠሩን፣ ኃላፊው 5 ሰዓት መጣ። ከሁሉ በፊት አቴንዳንስ። ከዚያ ንግግር። ፈንግል አይደለም፣ የወፍ ጉንፋን ተጠርጥሯል። ዶሮ ከግቢ አይወጣም፣ ወደ ግቢ አይገባም። ቆጣሪ ይመጣል። በሽታው የተገኘበት ግቢ ያለው በሙሉ ይወገዳል። ካሳስ? ካሳው እየተጠና ነው።

እጄን አወጣሁ። ዶሮዎቹም ተሰብስበው አቋማቸውን ይግለጹ ወይ አልኩ። አዳራሹ አውካካ። ኃላፊው ስሜን ጻፈ። እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

ስንመለስ ዶሮዎቹ ፊት ዱካ ላይ ተቀምጣ ቀረች። አላሳቀችኝም፣ ላስቃትም አልቻልኩም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ። ከሰዓት

ዘዴ አገኘሁ!! ወረዳ የሚያሳድደው እንደኛ የሚያረባውን ነው። ጓዳዋ ውስጥ ሁለት ሦስት ዶሮ ያላትን ባልቴት ማን ይቆጥራታል? በቃ፣ አሥራ ሁለቱን ለቆጣሪ አስቀረንና ሠላሳ አንዱን በየጎረቤቱ በተንን። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ከላይ እርጥብ አንሶላ ጣል አድርጌ። የሰፈሩ ጥበቃ ጋ ስደርስ አንሶላው ሥር አንዷ ጮኸች። እኔ ደግሞ ከሷ ጮክ ብዬ አነጠስኩ። ይማርሽ አለኝ!

እማዬ በየበሩ አደራ አለች። አደራ የተባለ እምቢ አይልም። እዚህ አጥራችን ሥር ያሉት እትዬ አስካለ፣ ሦስት ዶሮና አንድ አውራ ብቻ ያላቸው ባልቴት፣ የኛን አራት ተቀብለው ከራሳቸው ጋር ጓዳ አስገቡ። እሳቸውም የሚተኙት እዚያው ነው።

መንግሥትን በሳፋ አለፍኩት፣ ደብተሬ። እማዬ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

መጋቢት 19፣ አርብ

ቆጣሪዎቹ መጡ። አራት ሰው፣ አንድ ጥንድ ጓንት። አንዱ የቀኙን፣ አንዱ የግራውን አጠለቀ። የእንስሳት ሐኪሙን ዶ/ር ጓንት ብዬዋለሁ። አሥራ ሁለት ብለው መዘገቡ። ከሊቀመንበር አፍ በጥጥ ናሙና ወሰዱ። ክብርት ሊቀመንበር ናቸውና ቀስ ብላችሁ ያዟቸው አልኩ። ሐኪሙ ሳቀ። ውጤቱ ይነገራችኋል አሉ። ከዚያ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ።

ሐኪሙ ስልኩን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። አንዷ ከሞተች በእጃችሁ አትንኩ፣ ወዲያው ደውዪልኝ አለ። ጥሩ ሰው ይመስላል። ይሄም ያናድደኛል።

መጋቢት 22፣ ሰኞ። ጠዋት

እትዬ አስካለ መጡ። በአንድ እጃቸው ፌስታል። የኛ አራቱ፣ ሞተው፣ ጭንቅላታቸው ጠቁሮ። የራሳቸውም ሦስቱ ሌሊቱን አልቀዋል። ሊጮሁብን ነው ብዬ ነበር። አልጮሁም። ያለቅሳሉ። የሰው አደራ በላሁ ይላሉ። በሌላው እጃቸው አውራው፣ በሕይወቱ። ምትክ ነው። ሌላ የለኝም፣ ይቅር በይኝ።

እማዬ አይደረግም አለች። «እንዴ! አደራ በሰማይም ይጠየቃል እኮ» አሏት። አልቀበልም ማለት ይቅር አላልኩዎትም ማለት ነው። ተቀበለች። ከአሥራ ሁለቱ ጋር ቀላቀለችው።

እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። የኔ ተንኮል ነው፣ እርስዎ ምን አጠፉ ብል ይበቃ ነበር። ቀን ከሌት የማያርፈው ምላሴ አረፈ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ሰፈሩ ሁሉ አደራ ሊመልስ እየመጣ ነው። የሞተበት ምትክ ይዞ፣ ያልሞተበት ፈርቶ የኛኑ ይዞ። እማዬ እያለቀሰች ትቀበላለች። ዶሮ አይንቀሳቀስ ተባለ፣ እዚህ ዶሮ እንደ ሚኒባስ ተመላልሷል።

ዶ/ር ጓንት ጋ ስድስት ጊዜ ደወልኩ። አያነሳም። ወረዳ ሄድኩ። ሁሉም ስብሰባ ላይ ናቸው። በምን ጉዳይ? በዶሮ ጉዳይ። ጸሐፊዋን ያዝኳት። የናሙናው ውጤት ካልመጣ የሚያስወግደው መኪና አይወጣም አለች።

«ከተመዘገቡት የሞተ አለ?»

«የለም፣ ግን...»

«ታዲያ ምን ሆንኩ ነው የምትዪው?»

ከተመዘገቡት አለመሞቱ እውነት ነው። ያልተመዘገበው ደግሞ የለም፣ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። የራሴ ሳፋ ራሴ ላይ ተደፋ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

አውራው ንጋት ላይ ሞተ። እስከ ምሳ ዘጠኝ ተከተሉት። ሊቀመንበርም። አልሳቅኩም።

ውጤቱ መጥቶ ነው መሰል ከሰዓት መኪና መጣ። ጓንትም ነጭ ልብስም ለሁሉም ተርፏል፣ ካሜራ ስላለ ይሆናል። የተረፉትን አንቀው ጉድጓድ ከተቱ፣ ኖራ ነሰነሱ። ቅጹ ላይ አሥራ ሁለት ይላል፣ እማዬ ፈረመች። ካሳ? እየተጠና ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ከሃያ በላይ ነበር። የቆጠረ የለም።

ዶ/ር ጓንት ዓይኑ ቀልቷል፣ ስንት ሌሊት ያልተኛ ይመስላል። ሌላ ግቢ የሞተ አለ ወይ አለ። እማዬ የለም አለች። ጎረቤት ሁሉ የለም አለ። እኔን አየኝ። መሬት አየሁ።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

እትዬ አስካለን ደግፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። እሳት ሆነዋል። ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ነርሷ የታመመ ዶሮ ነክተዋል ወይ ብላ ጠየቀች። እኔን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልነካሁም አሉ። ብርድ ነው ተባለ፣ ክኒን ተሰጣቸው።

መንገድ ላይ ለምን ዋሹ አልኳቸው። «እናትሽ አምናኝ የሰጠችኝን አደራ ለሰው አወጣለሁ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። እየሳቅኩ ለሰው መዋሸት ለምጃለሁ። ለኔ ብሎ የዋሸ ሰው ግን እንዲህ ሲተነፍስ ሰምቼ አላውቅም።

ያው ቀን፣ 10 ሰዓት

ለእማዬ፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ አልኳት። ሰፈሩ ያገልለናል አለች። ካሳው ይቀራል፣ ያውም ቢመጣ። ደግሞ አንቺን ማን ያምናል? ልክ ናት። ይሄን ሰፈር ያላታለልኩበት ቀን የለም።

እንዳልቀልድ የምለውን እዚህ ልጻፈው። ዶሮዎቹ የኛ ናቸው። የደበቅኳቸው እኔ ነኝ። እትዬ አስካለ ነክተዋል፣ አምስት ሌሊት አብረዋቸው ተኝተዋል። የየበሩን ስም ጽፌ ይዣለሁ። መጀመሪያ ለሴትዮዋ አምቡላንስ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ጻፉብኝ።

እማዬ የግቢውን በር ቆልፋ ቁልፉን ጉያዋ ከታለች። በአጥሩ ዘልዬ ነው የምሄደው።