የእህትህ አዲሱ የቤት ሥራ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ። እኛ ደህና ነን። ይህን የምትጽፍልኝ ታናሽ እህትህ ናት፤ ስለ ራሷ ሳወራ እጇ ይቆማል።

ኮምፒውተር ድርሰት መጻፍ ስለቻለ መምህሯ የቤት ሥራውን ለውጠውታል። አሁን ተማሪው የቤተሰቡን ሥራ ጠይቆ ይጽፍና ክፍል ፊት ቆሞ ተማሪዎቹ ለሚጠይቁት ይመልሳል። እሷም ስለ ልብስ ስፌቴ፣ «እማ፣ ሰው ስትለኪ ለምን ታስቂዋለሽ?» አለችኝ። «ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የቆመ ሰው ሲስቅ ይለቀዋላ!» አልኳት። ለካ ዝም ብላ ስታየኝ ኖራለች።

ጽሑፉ አምሮላታል፤ መቆሙን ግን ፈርታ «የዚያን ቀን እቀራለሁ» ትላለች። «ይህንንማ አልጽፍም» ስትለኝ «ጻፊ» አልኳት። እባክህ ደውልላትና መጀመሪያ ካንተ ጋር ትለማመድ። ሳትስቅባት እንደ ተማሪዎቹ ጠይቃት። መጠየቁን የሰጣት መልሱን አይንሳት፤ አንተንም ይጠብቅልኝ።