የተጣመመው ስኳድራዬ

ቡሬ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1971 ዓ.ም.

ደሜ ፈልቷል። ለቀበሌው አዳራሽ የመሪውን ፎቶ ፍሬም ስሠራ ዋልሁ። ሦስቱ ማዕዘኖች ገጠሙ፤ አራተኛው ላይ ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት አፈጠጠብኝ። መጋዜን ረገምሁ፤ እጄንም ረገምሁ። ኋላ በማዕዘን መለኪያዬ፣ በስኳድራዬ፣ ጣውላ ላይ መስመር አሰመርሁና ስኳድራውን ገልብጬ እዚያው ላይ ደገምሁ። አንድ መሆን የሚገባቸው ሁለት መስመሮች ተለያዩ! ለካ የቀበሌው ካድሬ የመፈክር ሰሌዳ ላሰምርበት ብሎ ተውሶኝ ምስማር ሲመታበት ከርሟል።

ሄጄ ብነግረው፣ «ጓድ፣ በሰጋቱራና በሙጫ ድፈነው፤ ማን ያየዋል?» አለኝ።

ሃያ ዓመት ስሠራ ማዕዘን ደፍኜ አላውቅም። ዛሬ «እሺ ጓድ» ብዬ ደፈንሁ። እሑድ ስብሰባ አለ። ሰው ሁሉ ፎቶውን ያያል፤ እኔ ያችን ማዕዘን እያየሁ አጨበጭባለሁ።