ከነዕቃው የተሰጠኝ ቤት

ጥቅምት 4፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አሁንም ገብተዋል። ከት/ቤት ስመለስ ወ/ሮ ሎኮ ቡፌውን ይወለውላሉ። አካም፣ ናጋ ነሽ ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና መወልወላቸውን ቀጠሉ። ፈቃድ የለ፣ ማንኳኳት የለ። ተናደድኩ፤ ግን በእናቴ ዕድሜ ናቸው።

ቀበሌው ቤቱን ከነዕቃው ሲያከራየኝ ማድ ቤቱ ውስጥ አንዲት ሴትዮና ልጇ አሉ ብሎኛል። የግቢው ጠባቂ መስለውኝ ነበር። ቡፌ፣ ሶፋ፣ ባለስፖንጅ አልጋ፣ መጋረጃው ሳይቀር። ከደብረ ብርሃን በአንድ ሻንጣ ነገሌ ለገባች አስተማሪ ይህ ሠርግ ነው። ማስታወሻዬ፣ አንቺ እንኳ የራስሽ መሳቢያ አገኘሽ።

ጥቅምት 6

ዛሬ ጠየቅኳቸው። ለምን እንደሚያጸዱ፣ ማን እንዳዘዛቸው።

ማንም አላዘዛቸውም። ቤቱ የእሳቸው ነው። ቡፌውም፣ ሶፋውም፣ መጋረጃውም። ባላቸው የከብት ነጋዴ ነበሩ። ከብቱን ድንበር ታሻግራለህ ተብለው ተወሰዱ፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። ቤቱ ተወረሰ። ማድ ቤቱ ተተወላቸው።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ ቆመው ነው። ይቀመጡ አልኳቸው። በገዛ ሶፋቸው ላይ! አልተቀመጡም።

ቤቱን ስረከብ የጠየቅኩት ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ብቻ ነው። ዕቃው የማን ነው አላልኩም። ብጠይቅስ? ሌላ ቤት የታለና።

ጥቅምት 13

አልጋው አልመች አለኝ። ፍራሹ ሁለት ቦታ ጎድጉዷል፣ ጎን ለጎን። አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የባላቸው። እኔ መሐል ላይ፣ ጉብታው ላይ እተኛለሁ።

ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት። ሳቀች። ሁላችንም በሰው ቤት ነን አለችኝ። ዝም በይ ማለቷ ነው።

ጥቅምት 19

ልጃቸው ዳርሚ ትናንት ወለደች። ወንድ። ባሏ ዘምቷል። ጧት ወ/ሮ ሎኮ መጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አንኳኩ። አልጋውን ፈለጉ። ለጥቂት ቀን፣ አራሷ እስክትጠና።

ዕቃ ከቤት እንዳይወጣ ፈርሜአለሁ አልኳቸው። እውነቴን ነው። እሺ አሉና ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ጎንበስ ብዬ ማድ ቤቱን አየሁ። ዳርሚ ቁርበት ላይ ተኝታለች። ውሃው በበሩ ሥር ገብቶ ቀዩን መሬት ጭቃ አድርጎታል። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አውጥታዋለች።

አልጋውን ከወ/ሮ ሎኮ ጋር ተሸክመን አሻገርነው። እኔ ሶፋው ላይ። ደህና እተኛለሁ።

ጥቅምት 27

የቀበሌው ሊ/መንበር ከሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጋር መጡ። የመንግሥት ንብረት ቁጥጥር ነው አሉ። መኝታ ክፍሉ ባዶ። አልጋውስ?

አፌን ከመክፈቴ ወ/ሮ ሎኮ ከጓሮ ደረሱ።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። አስተማሪ አታውቅም። እሷ ት/ቤት ስትሄድ ገብቼ ወሰድኩ።»

ውሸታቸውን ነው፣ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው ብዬ ጮኽኩ። ሊ/መንበሩ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። ሴትዮዋ አምናለች አሉ። ይዘዋቸው ሄዱ።

የገዛ አልጋቸውን ሰረቁ ተብለው።

ጥቅምት 30

ተፈቱ። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ስለ እስሩ ምንም አይናገሩም። እኔ ተጠርቼ ጽ/ቤት ቀረብኩ። ሁለት ምርጫ፦ አልጋውን መልሼ፣ ከእንግዲህ ዕቃውን ለማንም ላላስነካ እንደገና መፈረም፤ ወይም ቁልፉን ማስረከብ።

ኅዳር 1

ወሰንኩ። ቁልፉን እመልሳለሁ። ባልደረባዬ ክፍሏን ታካፍለኛለች። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ከመጣሁ ወዲህ እንደዛሬ ቀሎኝ አያውቅም።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ወደ ማድ ቤቱ ሄድኩ። ደነገጡ። ከዚያ ተቆጡ፤ እጄን ጭምድድ አድርገው ያዙ።

«አትሂጂ! አንቺ ስትወጪ ወታደር ነው የሚገባው። ማድ ቤቱንም ይፈልገዋል። አራስ ይዤ የት ልግባ?»

የእርስዎ ቤት ነው፣ እንዴት አስችሎኝ እኖርበታለሁ አልኳቸው።

«አንቺ ካለሽ እኔም አለሁ» አሉኝ። «ባሌ ሲፈታ እዚህ ካጣን የት ብሎ ይፈልገናል?»

ተመልሼ ሻንጣዬን ፈታሁ። እኔ የራሴን ኅሊና ብቻ ነበር ይዤ የምወጣው።

ኅዳር 2፣ ማታ

አልጋው ተመለሰ። አሁንም ሁለታችን ተሸከምነው። ዳርሚ ሕፃኑን ታቅፋ ቁርበቱ ላይ ሆና አየችን። እኔ ወደ እሷ አላየሁም። በሌላ መንገድ ልርዳችሁ፣ ብርድ ልብሴን ውሰዱ አልኩ። የቀበሌ ሰው ያያል ብለው መለሱልኝ።

አንሶላውን ወ/ሮ ሎኮ ራሳቸው አነጠፉ። ላግዝዎት ብል እንቢ። ትራሱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው አስተካከሉና ወጡ፤ በሩን ከውጭ ቀስ ብለው ዘጉት።

ነገ ጧት ጽ/ቤት እሄዳለሁ። እፈርማለሁ። አልጋውንም እተኛበታለሁ። እንድተኛበት ለምነውኛል።